ሟቹ ከቀኑ ስምንት ሰዓት የጻፉት ገጽ

ፕሮፌሰር ቶይቮ ራንታላ የተገኙት የበረዶ ናሙና በሚቀመጥበት ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ ብረት በሩ ሥር ተንበርክከው ነው። ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ የቀዝቃዛው ክፍል ኃላፊ ኤርል ማካይ ከሐይቁ ቆርጦ ያመጣውን የበረዶ ናሙና ተሸክሞ በሩን ሲከፍት፣ የሰባ ስድስት ዓመቱ አዛውንት በሹራብ ብቻ፣ ቀኝ መዳፋቸው ከበሩ ጋር ተጣብቆ፣ ደርቀው ቀርተዋል። በሩ ከውጭ በብረት ካስማ ተቀርቅሮ ነበር። ካስማው ደግሞ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ የሚውል ነው፤ ሰው ካልሰካው በቀር በራሱ ተነሥቶ ቀዳዳ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ «አደጋ ነው፣ የእርጅና ነገር ነው» ብሎ ማለፍ አልተቻለም።

የክፍለ ግዛቱ መርማሪ ኦዴት ትራምብሌ የተጠራችው ሐሙስ ነው፤ ያውም ነገሩ አልቋል ከተባለ በኋላ። ዱሉዝ ከተማ፣ ሐይቁ ዳር ካለው የበረዶ ጥናት ተቋም ስትደርስ ስድስት ሰዓት አልፏል። ኦዴት የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት። ጉልበቷን ያማታል፣ ብርድ አትወድም፣ ብርድ እንደማትወድም ላገኘችው ሰው ሁሉ ትናገራለች።

ሳጅን ዱዌይን ቦግስ በር ላይ ተቀበላት። ወጣት ነው፤ ገዳይ ይዣለሁ ብሎ የሚያምን ሰው ደስታ ፊቱ ላይ ቁጭ ብሏል።

«በከንቱ ለፉ እንጂ ነገሩ አልቋል» አላት። «አቃቤ ሕጉ አሥር ሰዓት ላይ ክሱን ይፈርማል።»

«በማን ላይ?»

«በረዳታቸው ላይ ነዋ። ኮራ ሊንድግረን። ፎቅ ላይ ፖሊስ እየጠበቃት ነው።»

«ምን አግኝተህባት ነው?»

ሳጅኑ ዙሪያውን ገልመጥ ገልመጥ አድርጎ ስልኩን አወጣ። «ይቺን ለማንም አላሳየሁም፤ ለራሷም ጭምር። ሽማግሌው በኢንተርኔቱ መዝገበ ዕውቀት ላይ ሲጽፉ የሚገቡበት የራሳቸው ስም አላቸው። በዚያ ስም አንድ አዲስ ገጽ ተጽፏል። ርእሱ "ዝምተኛ በረዶ" ይላል። ሰዓቱን ይመልከቱልኝ።»

ኦዴት መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ አነበበች። ገጹ የተጻፈው ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ላይ ነው።

«አስከሬኑ ከተገኘ ከሁለት ሰዓት በኋላ!» አለ ሳጅኑ። «ሙት አይጽፍም መቼም። የይለፍ ቃላቸውን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፣ ራሷ ናት የነገረችኝ። በዚያን ሰዓት ፎቅ ላይ ኮምፒውተር ፊት ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ጠዋትም ሕንፃው ውስጥ ከሽማግሌው ሌላ የነበረችው እሷ ናት። የሰውየውን ሥራ መውረስ ፈልጋለች፣ በቃ።»

«ሐኪሙስ ምን አለ?»

«በሩ የተዘጋባቸው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው ይላል። ልባቸው ደካማ ስለነበር ከአንድ ሰዓት በላይ አልቆዩም።»

ኦዴት «እግዜር ይማራቸው» አለችና ወደ ምድር ቤት ወረደች። የሳጅኑ ነገር ቀልቧ አልወደደውም። ለምን እንዳልወደደው ግን ገና አላወቀችም፤ ይኼ ደግሞ እሷን ከጉልበቷ በላይ የሚያማት ነገር ነው።

ኤርል ማካይ ካስማውን በእጁ ይዞ በሩ አጠገብ ቆሟል። ጺሙ እስከ ደረቱ የወረደ ግዙፍ ሰው ነው።

«ከፕሮፌሰሩ ጋር ትጣላላችሁ አሉኝ» አለችው።

«በየሳምንቱ! ያለ ካፖርት አይግቡ ስላቸው እኔን ሕፃን አደረግኸኝ ይሉኛል። ማክሰኞ ግን ከንጋት እስከ ስድስት ሰዓት ሐይቁ ላይ ነበርኩ። አሥራ አንድ ዓሣ አጥማጅ አይቶኛል። ሁሉም ውሸታሞች ናቸው፣ በዚህ ግን አይዋሹም።»

ኦዴት ልትስቅ ፈልጋ ተወችው። «ለምን ይመስልሃል በሹራብ የገቡት?»

ኤርል ካስማውን አገላበጠው። «ብቻቸውን ናሙና ሊያዩ ቢወርዱ ካፖርታቸውን ይለብሱ ነበር፤ ብጣላቸውም ያንን ያህል ይሰሙኛል። ሰው ቀድሞ ውስጥ ቆሞ "አንዴ ይምጡ፣ ይቺን ይዩልኝ" ካላቸው ግን ዘው ነው የሚሉት።»

«ኮራ ብትጠራቸውስ?»

«ኮራ?» ኤርል ደሙ ፈላ። «ኮራ እኮ ካፖርታቸውን ይዛ ከኋላ ከኋላቸው የምትሮጥ ልጅ ናት! ምን ነክቷችኋል እናንተ ሰዎች?»

ኮራ ሊንድግረን ፎቅ ላይ፣ በንባብ ክፍሉ መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች። የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ናት፤ እጆቿን ጭኗ ላይ ቆልፋ፣ ፖሊሱ ባለበት በኩል አትመለከትም። ኦዴት ፖሊሱን በዓይኗ አስወጣችው።

«እናቴ ዓይኗ አያይም» አለች ኮራ፣ ገና ሳትጠየቅ። «እኔ ካላበላኋት አትበላም። ጎረቤታችን እስከ ዛሬ ማታ ብቻ ነው እሺ ያለችኝ። ከታሰርኩ መጦሪያ ያስገቧታል። ይኼን የነገርኩት ሁሉ "አዝናለሁ" ይለኛል። እርስዎም አዝናለሁ ሊሉኝ ነው?»

«አልልሽም። ሥራችሁን ንገሪኝ። እዚህ ምን ነበር የምትቆጥሩት?»

ኮራ ይኼን ጥያቄ አልጠበቀችም ነበር። ከዚያ ግን የምትወደውን ነገር እንደሚያወራ ሰው ድምፅዋ ተስተካከለ።

«ዶክተር ሃውፕት፣ ዳይሬክተራችን፣ ዓምና አንድ ጥናት አወጣ። ስለ ሐይቅ በረዶ ከሚታወቀው ነገር ከመቶ ዘጠና ሁለት እጁ በኢንተርኔቱ መዝገበ ዕውቀት ላይ አለ አለ። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍታችን ይዘጋ፣ መጻሕፍቱም ይወገዱ። ፕሮፌሰር ደግሞ እስቲ እንደገና እንመዝነው አሉ።»

«ዕውቀት እንዴት ይመዘናል?»

«በመመሪያ መጽሐፋችን ውስጥ ስለ ሐይቅ በረዶ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ስልሳ ቃል አለ። ሁሉን መፈተሽ ዕድሜ ይፈጃል። በዕጣ ሁለት መቶ ያወጣሉ። እያንዳንዱን እዚያ ላይ ፈልገው "ሙሉ"፣ "ጎደሎ"፣ ወይም "የለም" ብለው ይጽፋሉ። ወጥ ከመቅመስዎ በፊት ድስቱን ያማስሉ የለ? ዕጣው ማማሰያው ነው። ሃውፕት ግን ሳያማስል ከላይ ከላይ ነው የቀመሰው፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ቃል እየመረጠ። ፕሮፌሰር እንደዚያ ነበር የሚጠረጥሩት። የዓምናውን ዕጣ ወረቀት አሳየኝ ሲሉት አንድ ወር ሙሉ ዛሬ ነገ ይላቸው ነበር። ነገ ዓርብ ቦርዱ ፊት ሊጠይቁት ነበር።»

«ዕጣ ሳያወጣ አውጥቻለሁ ብሎ ቢሆንስ?»

«ቁጥር ቢሳሳት ይቅር ይባላል። ይኼኛው ግን ማጭበርበር ነው። ከዚያ በኋላ የትም አይቀጥሩትም።»

«የአሁኑንስ ማን ቆጠረ?»

«ፕሮፌሰርና ራሱ ሃውፕት፣ ለየብቻ። ፕሮፌሰር ናቸው እሱ ይሁን ያሉት፤ በኋላ አድልታችኋል እንዳይል። በእርሳስ፣ በወረቀት፣ ከእያንዳንዱ ቃል አጠገብ የተፈለገበት ደቂቃ ይጻፋል። የፕሮፌሰር ባለፈው ሳምንት ታሽጎ እኔ ጋ ገብቷል። አንድ ሌላ ሕግም ነበራቸው፤ የሁለቱም ቆጠራ ሳያልቅ ማናቸውም እዚያ መዝገብ ላይ አንዲት መስመር አይጽፉም። አለዚያ የሚቆጥሩትን ነገር ራሳቸው ያበዙታላ!»

«ፕሮፌሰሩ ይኼን ሕግ ያፈርሱ ነበር?»

«እሳቸው?» ኮራ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራትም። «እሳቸው ለራሳቸው ልደት እንኳ ደቂቃ ሳይጽፉ ኬክ አይቆርሱም።»

ዶክተር ብራድሊ ሃውፕት መርማሪዋን በቢሮው የተቀበላት ቆሞ ነው። የሃምሳ ዓመት፣ ጸጉሩ በሚገባ የተበጠረ፣ ንግግሩ ለስላሳ ሰው ነው። ወንበር ሳበላት፣ ውሃ ቀዳላት፣ ሐዘኑንም ገለጸላት፤ ሁሉንም በተራ በተራ።

«ኮራን እንደ ታናሽ እህቴ ነው የማያት» አለ። «ግን የሰው ልብ ማን ያውቃል?»

«እርስዎ ማክሰኞ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ቆጠራዬን እየጨረስኩ። ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሬ ለስድስት ሰዓት አሥር ጉዳይ ላይ አበቃሁ። ወዲያው ኤርል ደውሎ መርዶውን ነገረኝ።» ከመሳቢያው ወረቀቶች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «ይኸው፣ ደቂቃ በደቂቃ።»

ኦዴት ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በጣቷ እየተከተለች አየችው። ሁለት መቶ ቃል፣ ሁለት መቶ ደቂቃ። አንድም መዝለል የለም።

«ሽንት ቤት እንኳ አልሄዱም?»

«ሥራ ከያዝኩ ሥራ ነው።»

«ጎበዝ» አለችው። ጣቷ ግን መቶ ሠላሳ ሰባተኛው ቃል ላይ ቆሟል። «ዝምተኛ በረዶ፤ የለም፤ አራት ሰዓት ከአርባ ስድስት።»

ልቧ ዘለለ፣ ወዲያውም ተመልሶ ቁጭ አለ። የለም ቢል ምን ይደንቃል? ገጹ የተጻፈው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤ በአራት ሰዓት ከየት ይመጣል? የሃውፕት ወረቀት ከሳጅኑ ስልክ ጋር እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ገጠመ። ገጥሞም ልጅቷን አንገቷን ይዞ ወደ ወህኒ ሊወስዳት ነው። ሰዓቷን አየች፤ ስምንት ከሩብ።

ወደ ኮራ ተመለሰች፣ ይህን ጊዜ ፈጠን እያለች።

«ዝምተኛ በረዶ ምንድን ነው?»

ኮራ ደንገጥ አለች። «ከየት አመጡት? ሳይጮህ የሚሰበር በረዶ ነው። በረዶ ሊከዳ ሲል ይጮኻል፣ ዓሣ አጥማጁም ድምፁን ሰምቶ ይሸሻል። ይኼኛው ግን ዝም ብሎ ነው የሚውጠው። የፕሮፌሰርን ታላቅ ወንድም የበላው እሱ ነው፣ ልጆች ሆነው። ኢንተርኔቱ ላይ ስለሱ አንድ ቃል የለም። ሰው ፈልጎ ያጣዋል፣ ከዚያ በረዶው ላይ ይወጣል። ይኼ እንቅልፍ ይነሳቸው ነበር። በቆጠራው ምክንያት እጃቸው ታስሮ ነው እንጂ... "ቆጠራው ያለቀ ዕለት ቁርስ ሳልቀምስ እጽፈዋለሁ" ይሉኝ ነበር።»

ኦዴት ወንበሯን ጠጋ አደረገች። «አሁን የምጠይቅሽን በደንብ ስሚኝ። ያ መዝገብ ላይ ዓለም ሁሉ ይጽፋል፤ ቶኪዮም፣ ሄልሲንኪም፣ እኛም። አንድ ገጽ መቼ እንደ ተጻፈ ሲነገር፣ ሰዓቱ የማን ነው?»

«የግሪኒች ነው። በስሙ ገብቶ ላስተካከለ ሰው የራሱን አገር ሰዓት ያሳየዋል። እንዲሁ ከፍቶ ለሚያይ መንገደኛ ግን የግሪኒችን ነው። በክረምት ከእኛ በስድስት ሰዓት ይቀድማል። ለምን ጠየቁኝ?»

ኦዴት አልመለሰችላትም። በጣቶቿ ስድስት ወደ ኋላ ቆጠረች። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአምስት፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአምስት። ተነሥታ ደረጃውን ስትወርድ ጉልበቷን ረስታው ነበር።

«ሳጅን!» አለች። «መኪናህን አስነሣ። የሽማግሌው ቤት ሂድና ኮምፒውተራቸውን ክፈት፤ ማክሰኞ ጠዋት ምን እንደ ሠሩ እይልኝ። ስልካቸው አጠገብ የተጻፈ ወረቀት ካለ ደግሞ ሳትነካካ ይዘህልኝ ና።»

«ምን ሊኖር ነው?»

«ደቂቃ ሳይጽፉ ኬክ የማይቆርሱ ሰው ናቸው አሉ። ስልክ ሲደወልላቸውስ ዝም ይላሉ? በል ፍጠን፣ ሰው ልታስበላ ነው!»

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ንባብ ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። ኮራ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ኤርል በሩን ተደግፎ፣ ሃውፕት እግሩን አነባብሮ። ሳጅን ቦግስ የመጨረሻው ሆኖ ገባ፤ የቅድሙ ደስታ ከፊቱ ላይ የለም። አንድ የተጣጠፈ ፖስታ ለኦዴት ሰጥቷት ግድግዳ ተጠግቶ ቆመ።

«ኮራን ያስጠረጠራት አንድ ገጽ ነው» አለች ኦዴት። «በፕሮፌሰሩ ስም፣ ከሞቱ በኋላ ተጻፈ የተባለ። ሳጅን፣ ያንን ገጽ ስታይ በስምህ ገብተህ ነው?»

«ኧረ እኔ ስምም የለኝ። እንዲሁ ነው የከፈትኩት።»

«እንግዲያው ያየኸው የግሪኒችን ሰዓት ነው። በእኛ ሰዓት ገጹ የተጻፈው ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአምስት ላይ ነው። ፕሮፌሰሩ በሕይወት ነበሩ፣ ቤታቸው ነበሩ። የጻፉት ራሳቸው ናቸው።»

ኮራ አፏን በእጇ ያዘች። ሳጅኑ ወለሉን አየ። «ኮምፒውተራቸውም እንደዚያው ነው የሚለው» አለ፣ ዝግ ብሎ። «ሁለት ሰዓት ከአምስት። የቁርስ አጃቸው ሳይነካ ጎኑ ተቀምጧል።»

«በጣም ደስ ይላል» አለ ሃውፕት። «ኮራ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ታዲያ እኛ ለምን ተሰበሰብን?»

«ስለ እርስዎ ወረቀት ነዋ» አለችው። «መቶ ሠላሳ ሰባተኛው ቃል፣ ዝምተኛ በረዶ። አራት ሰዓት ከአርባ ስድስት ላይ ፈልጌ አጣሁት ብለዋል። ገጹ ግን በዚያን ሰዓት ከተጻፈ ሁለት ሰዓት ከአርባ አንድ ደቂቃ ሆኖታል። ቁጭ ብሎ እየጠበቅዎት ነበር።»

ሃውፕት እግሩን አወረደ።

«ሁለት መቶ ቃል ስፈልግ አንዱ ቢያመልጠኝ ነፍሰ ገዳይ ሊያሰኘኝ ነው? ሰው አይደለሁም? ተሳስቼ ጽፌው ይሆናል!»

«ልክ ነው፣ ሰው ይሳሳታል። እኔም ለብቻዬ ያልኩት ይኼንኑ ነው። ግን አንድ ነገር እምቢ አለኝ። ሁለታችሁም ቆጥራችሁ ሳትጨርሱ አንዲት መስመር አይጻፍም ብለው የደነገጉት ፕሮፌሰሩ ናቸው። ለዚህ ቃል ሲሉ እንቅልፍ እያጡ እንኳ አልጻፉትም። ማክሰኞ ጠዋት ግን ቁርስ ሳይቀምሱ ጻፉት። ለምን? ቆጠራው ማለቁን አውቀው ነዋ! ማን ነገራቸው? የእሳቸው ካለቀ ሳምንት አልፎታል። የቀረው የእርስዎ ብቻ ነው።»

«እኔ ለማንም አልነገርኩም።»

ኦዴት ፖስታውን ከፈተች። ከማስታወሻ ደብተር የተቀደደ ቅጠል ነው፤ የእርሳስ ጽሑፍ፣ እንደ መርፌ የቀጠነ። ቀስ ብላ አነበበችው። «ሰኞ ማታ፣ አንድ ሰዓት ከሃያ ሁለት። ሃውፕት ደወለ። ቆጠራውን ጨርሷል። እሰይ! የዓምናውን ዕጣ ነገ ያሳየኛል፤ ከናሙናዎቹ ጋር ሳጥን ውስጥ ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ቀዝቃዛው ክፍል።»

«አንተ!» አለ ኤርል፣ ከበሩ እየተላቀቀ። ሳጅኑ በክንዱ መለሰው።

«ሰኞ የጨረሰ ሰው ማክሰኞ ምን ይቆጥራል?» አለች ኦዴት። «ወረቀቱን ሰኞ ሞልተው የማክሰኞን ደቂቃ ደረደሩበት፣ ልክ እንደ ጥርስ አስተካክለው። ከዚያ ሽማግሌውን በሌለ ዕጣ ጠሯቸው። ውስጥ ቆመው "ይምጡ፣ ይዩት" አሏቸው፤ እሳቸውም በሹራብ ዘው አሉ። እርስዎ ወጥተው ካስማውን ሰኩ። ካስማውን መስካት ስንት ደቂቃ ፈጀ? እሱን አልጻፉትም።»

ሃውፕት ወረቀቱን አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ልስላሴ ሁሉ ተገፎ ተጣለ፤ የቀረው ግራ የገባው ሰው ፊት ነው፤ ሒሳቡ እምቢ ያለው ተማሪ ይመስላል።

«ስድስት ዓመት» አለ። «ስድስት ዓመት ሙሉ እየተመላለስኩ ሳየው አልነበረም። ማንም አልጻፈውም። በዚያች ጠዋት ይጻፋል ብሎ ማን ያስባል?»

የተናገረው ነገር ለራሱ የተሰማው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ሳጅን ቦግስ ካቴናውን አውጥቶ ወደ እሱ ሄደ። ወደ ደጅ ሲወስደው ሃውፕት አልታገለም፣ ዞሮም ማንንም አላየም። ሳጅኑ በሩ ላይ ቆም ብሎ አቃቤ ሕጉ ጋ ደወለ። «አዎ ጌታዬ፣ ክሱ ይቅር» ሲል ተሰማ። «የለም፣ የሴቲቱ ይቅር። ስም እቀይርልዎታለሁ።»

ኤርል «ኮራ፣ ልውሰድሽ፣ እናትሽ ትጠብቅሻለች» አለ። ኮራ ግን ከወንበሯ አልተነሣችም። ኦዴት አመሰግናለሁ ትለኛለች ብላ እየጠበቀች ነበር።

«ሁለት ቀን» አለች ኮራ። «ሁለት ቀን ሙሉ ፊቴን ስታዩ ውላችሁ አደራችሁ። ባለቅስ "አስመሳይ" ትሉኛላችሁ። ባላለቅስ "ጨካኝ" ትሉኛላችሁ። ስለዚህ የሚያዋጣኝን ፊት ስመርጥ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት በሥራ ያሳደጉኝ ሰውዬ ሞተውብኝ፣ እኔ ፊት እመርጣለሁ!»

ኦዴት ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ ስትኖር ከእንዲህ ያለ ወንበር ንጹሕ ብላ ያስነሣቻቸው ሰዎች ጥቂት አልነበሩም፤ አንዳቸውም ይኼን አልነገሯት።

«አሁን ማንም አያይሽም» አለቻት በመጨረሻ። ወደ መስኮቱ ዞራ ጀርባዋን ሰጠቻት። ኤርልም ኮፍያውን አውልቆ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ከኋላቸው መጀመሪያ ትንሽ ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ ትልቅ። ኮራ ሊንድግረን «አባባ» እያለች፣ ጠረጴዛው ላይ በግንባሯ ተደፍታ፣ ሁለት ቀን ያጠራቀመችውን አለቀሰችው።